የዓርብ ኩስኩስ

ሀጂራ አማርኛ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቶሮንቶ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ፊደል የቆጠረችው ዌስተን ባለው አፓርታማቸው ሳሎን ውስጥ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ ዘምዘም ቁጣ ጋር ነው። የታተመ ነገር ከሆነ እንደምንም ትወጣዋለች። የእጅ ጽሑፍ ግን ዳገት ነው፤ አንዱን ቃል ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል። ጸጋአብ ይህን ሁሉ እያወቀ ነው እንግዲህ ከሞሮኮ በእጁ የጻፈላት። የመጀመሪያው ደብዳቤ ገና ሲከፈት እንዲህ ይላል፤

«በእንግሊዝኛ ብጽፍልሽ የምዋሽሽ ይመስለኛል። እባክሽ በአማርኛ ታገሺኝ።»

ይችን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበቻት። መጀመሪያ ስላልገባት፣ ቀጥሎ ስለገባት፣ በመጨረሻ ደግሞ ስለናፈቃት። ተጣልተው ነበር የተለያዩት።

ሲተዋወቁም በዓይን ነው የተዋወቁት። ሀጂራ ዌስተን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ መነጽር ቤት ትሠራለች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀጭን ረጅም ሰው ገብቶ፣ የሚሠራበት ዳቦ ፋብሪካ የምድጃ ሙቀት ዓይኑን እያደረቀበት እንደሆነ ነገራት። አገጩን መመርመሪያው ላይ እንዲያሳርፍ አዘዘችው። እሱ በወዲህ፣ እሷ በወዲያ፣ በመሃል ቀጭን ብርሃን። «ጆሮዬን ተመልከት» ትለዋለች፤ እሱ ዓይኗን ያያል። «ጆሮዬን አልኩህ» ትለዋለች ደግማ። ነገር በዓይን ይገባል ሲባል ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለሀጂራ ግን የሥራ ላይ አደጋ ሆነባት።

ጸጋአብ ከደሴ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው። ክርስቲያን ነው፤ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም። እሷ ሙስሊም ናት። ሁለቱም ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁታል፤ ግን የተዋደደ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው «ነገ እናስብበታለን» እየተባባሉ ሁለት ዓመት አሳለፉ። ነገ የተባለው ቀን በአረፋ በዓል መጣ።

ወይዘሮ ዘምዘም «ያ ጓደኛሽም ይምጣ» ብለው አስጠሩት። ሳሎኑ በዘመድና በጎረቤት ሞልቷል። ትልቁ ትሪ ሥጋ ተከምሮበት መሃል ላይ ተቀመጠና ሰው ሁሉ ከበበው። ለጸጋአብ ግን ወይዘሮ ዘምዘም ከወጥ ቤት ሌላ ትንሽ ትሪ ይዘው መጡ። ሽሮ፣ ጎመን፣ አይብ። ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡለት። እሱም ቀና ሳይል ብቻውን ቁጭ ብሎ በላ። የሀጂራ ፊት ጋለ። እናቷ፣ እሷ የምትወደውን ሰው ከሰው ለይተው ጥግ አስቀመጡት፤ እሱ ደግሞ አሜን ብሎ ተቀበለ። በማን እንደምትናደድ ግራ ገባት።

ልትሸኘው ስትወጣ አሳንሰሩ በር ላይ ያዘችው።

«ለምን ከእኛ ጋር አልበላህም?»

«እንዴት አድርጌ? ሥጋው እኮ…»

«ሥጋው ምን? ወዝ ኢት ሶ ሃርድ? አንድ ቀን ብቻ!»

«ሀጂራ፣ እናቴ ብትሰማ…»

«እናትህ ስለ እኔ ታውቃለች?»

ጸጋአብ ዝም አለ። አሳንሰሩ መጣ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሄደ።  

የሞሮኮው ጉዞ ከዚያ በፊት የታሰበ ነው። ጸጋአብ የካናዳ ፓስፖርቱን ሲያገኝ የሚያውቀው ሰው ሁሉ «ደሴ ልትሄድ ነው አይደል?» ብሎት ነበር። እሱ ግን ከአጠገቡ ምድጃ የሚሠራው ሞሮኳዊው ድሪስ ለሦስት ዓመት ስለ አገሩ ሲያወራለት ኖሯል፤ ስለ ሰፈር ምድጃ፣ ስለ እናቱ ቤት፣ ሰፍሩ ስለምትባል የቼሪ ከተማ። «እናቴ ቤት ሳታርፍ ሞሮኮን አየሁ እንዳትል» ብሎታል። ሀጂራ ግን አሁን የራሷን ትርጉም አወጣች። ደሴ ያልሄደው እናቱ እንዳይጠይቁት ነው። አፍሮብኛል። ሆደ ባሻ ሰው ትርጉም አያጣም።

«እስክትመለስ አንደዋወል» አለችው።

«ደብዳቤስ?»

«በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል?» ብላ ትከሻዋን ነቀነቀች። እሱም ቦርሳውን አዝሎ ሄደ።

ጽፎ ተገኘ እንግዲህ።

«ቴቱዋን ነጭ ከተማ ናት። ጠዋት ቦርሳዬ አጉብጦኝ ስወጣ አንድ ሰው ከትልቅ ድስት ወፍራም ነገር እየጨለፈ ለወጪ ወራጁ ያድላል። ቢሳራ ይሉታል። ባቄላ ነው ሀጂራ፤ ተከክቶ የተቀቀለ ባቄላ። በላዩ የወይራ ዘይትና ከሙን ይፈስበታል። አንድ ማንኪያ ቀምሼ ቆሜ ቀረሁ። በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ አፌ ግን የሚያውቀውን ነገር አገኘ። ሰውየው ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ሐበሻ ነኝ አልኩት። ጭልፋውን አስቀምጦ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ለጎረቤቱ ጮኸለት፣ ጎረቤቱም መጣ። የነጃሺ አገር ሰው ነው እያሉ ተራ በተራ ጨበጡኝ። ያ ንጉሥ ስደተኞቹን ካስጠለለ ስንት መቶ ዓመት ሆነው? እነዚህ ሰዎች ግን ትናንት የተደረገላቸው ነው የሚመስለው። እኔ ምንም ሳላደርግ፣ ሌላ ሰው ባበላው እንጀራ ጠገብኩ።»

ሀጂራ ይህን ስታነብ በምሳ ሰዓቷ ነበር። ሳንድዊቿን ረስታ ተነሣች።

ሁለተኛው በሳምንቱ ደረሰ።

«ከሸፍሻወን የወጣነው በታክሲ ነው፤ ስድስት ሰው ተጠጋግቶ የሚጫንበት። ከተማይቱ ሰማያዊ ናት፤ ግድግዳው፣ ደረጃው፣ የአበባ ማስቀመጫው ሳይቀር። ካሜራ አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። ፎቶ ባነሣ አታምኚኝም ነበር። ተራራው መሃል ሾፌሩ ምንጭ አጠገብ ቆመ። አንዱ ተሳፋሪ ከከረጢቱ ዳቦ አወጣ፣ ሌላዋ በለስ አወጣች። ሰውየው ዳቦውን ስድስት ቦታ ቆረሰው። ማንም 'ትበላለህ ወይ?' ብሎ አልጠየቀኝም። ተቆረሰ፤ እኔ ስድስተኛ ነኝ፤ በቃ። ሀጂራ፣ ቶሮንቶ ስድስት ዓመት ስኖር ስንት ባቡር ውስጥ ስንት ሰው አጠገብ ተቀምጫለሁ? አንቺን ባላገኝ ኖሮ ሳልቆጠር የምቀር ሰው ነበርኩ።»

የመጨረሻዋን መስመር ስታነብ ከንፈሯ ቆመ። ይቅር ልትለው ተቃረበች። እውነቱን ለመናገር ይቅር ብላዋለች፤ የቀራት መንገር ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ደብዳቤ ባይመጣ ኖሮ።

እሱ ሊመለስ አራት ቀን ሲቀረው ደረሰ። ወፍራም ነው፤ አራት ገጽ። ሀጂራ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ጣቷን ከቃል ቃል እያንቀሳቀሰች ጀመረችው።

«ሰፍሩ ደርሻለሁ። ወንዝ መሃል ለመሃል ያልፋታል፤ በየበሩ ቼሪ በቅርጫት ተቀምጧል፤ አላፊ አግዳሚው እፍኝ ያነሣል፣ የሚቆጣ የለም። የድሪስ እናት ላላ ረቂያ ይባላሉ። በሩን ሲከፍቱልኝ ቦርሳዬን ሳያወርዱ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። የልጃቸውን ሽታ ከእኔ ላይ የሚፈልጉ መሰለኝ።

ጠዋት ወደ ሰፈሩ ምድጃ ወሰዱኝ። ከስልሳ ቤት ሊጥ ይመጣል። ጋጋሪው ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል። ሁሉም ዳቦ ክብ ነው፣ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ እሱ ግን የማንኛው ቤት እንደሆነ አንዱንም አይስትም። ይሄ የሙሽራዋ ነው፤ ሊጥ ስታቦካ ትቸኩላለች። ይሄ የመበለቷ ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እያነሣ አሳየኝ። እኔ ኖርዝ ዮርክ በአንድ ፈረቃ አሥራ ሁለት ሺህ ዳቦ አወጣለሁ፤ የአንዱን ባለቤት አላውቅም። እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ኮፍያዬን አውልቄ ቆምኩ።»

ሀጂራ ፈገግ እያለች ገጹን ገለበጠች።

«ዛሬ ዓርብ ነው። እዚህ ዓርብ ምሳ ኩስኩስ ነው። አንድ ትልቅ የሸክላ ሳህን፤ ከላይ ዱባ፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ሽምብራ፤ ከሥር መሃል ላይ የበግ ሥጋ። ሁሉም ከየፊቱ ይበላል፤ ሥጋውን ግን ማንም አይነካም፣ መጨረሻ ላይ የቤቱ ባለቤት ያካፍላሉ። እኔም ከፊቴ አትክልቱን እየመረጥኩ ስበላ፣ ላላ ረቂያ ሥጋውን በጣታቸው ቆራርጠው ለየሰው ፊት አደረጉ። ለእኔ ሲደርሱ የራሳቸውን ድርሻ ወደ እኔ ገፉት። በቃኝ ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። መልሰው ገፉት። በቃኝ አልኩ። ደግመው ገፉት። እዚህ አገር በቃኝ ማለት ጨምሩልኝ ማለት ነው መሰለኝ፤ እኛም አገር እንደዚያው ነው። ክርስቲያን መሆኔን፣ ዓርብ መሆኑን፣ በምን ቋንቋ ልንገራቸው? ሦስተኛው ላይ ቀና ብዬ ዓይናቸውን አየሁ።

በላሁ።»

ሁለተኛው ገጽ እዚያ ላይ አለቀ።

ሀጂራ ጣቷን ከቃሉ ላይ አላነሣችም። በላሁ። በትክክል አንብባው እንደሆነ ፊደል በፊደል መረመረችው። ከዚያ ወረቀቱን ሁሉ ሶፋው ላይ ወረወረችው።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ወይዘሮ ዘምዘም ከወጥ ቤት ብቅ ብለው።

«በልቷል፣ ኡሚ።»

«ማን? ምን?»

«ጸጋአብ። ሥጋ። የእስላም ሥጋ። ለማያውቃት ሴት ዓርብ ቀን በልቷል። አንቺ ቤት ግን እምቢ ብሎ ጥግ ተቀመጠ። ሶ… የኛ ነው የሚያቆሽሸው?»

ወይዘሮ ዘምዘም እጃቸውን አደራረቁ። ይቆጣሉ ብላ ጠብቃ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየችው ግን ሐዘን ነው።

«ዓርብ ቀን?» አሉ። «ምነው፣ ሴትዮዋ ሳታውቅ! ብታውቅ አታደርገውም ነበር።»

መነጽራቸውን አድርገው የተወረወረውን ወረቀት ለቀሙና ቆመው አራቱንም ገጽ አነበቡት። አንድ ጊዜ መነጽሩን አውልቀው ጠረጉት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ጠረጉት። ሀጂራ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ስለነበር ይህን አላየችም። ከዚያ ደብዳቤውን አጣጥፈው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

«ሲመጣ እሁድ ምሳ ጥሪው።»

«ሲሪየስሊ ኡሚ?»

«እሁድ አልኩሽ።»

የአየር ማረፊያው ባቡር ዌስተን ይቆማል። ዓርብ እለት ሀጂራ ልትቀበለው አልወጣችም፤ እሱ ግን ከባቡሩ ወርዶ፣ ቦርሳውን እንዳዘለ፣ ቀጥታ መነጽር ቤቱ ገባ። ፀሐይ አጥቁሮታል። ጢሙ አድጓል። አምስት ሳምንት ሙሉ ስትለማመደው የነበረው ኮስተር ያለ ፊት ለአፍታ ከዳት።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለች፣ ለደንበኛ በምትለው ድምፅ።

«ሀጂራ…»

«ለላላ ረቂያ በላህ። ለእናቴ አልበላህም። ጀስት ቴል ሚ ዋይ።»

ቦርሳውን ቀስ ብሎ አወረደ። «ደብዳቤውን ጨርሰሽዋል?»

«'በላሁ' ላይ ቆሜያለሁ።»

«እንግዲያው ደብዳቤው ገና አልደረሰሽም።»

«ደርሶኛል። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማን ጋር እንደምወጣ፣ የማን ሰው እንደሆንኩ ሳትጠይቀኝ ዝም ብላለች። አንተ ደግሞ ለእናትህ ስሜን እንኳ አልነገርክም። እኔ የማን ነኝ፣ ጸጋአብ? ስታፍርብኝ የምትኖረው እስከ መቼ ነው?»

ድምፅዋ ተሰበረ። ይሄ በልምምዱ ውስጥ አልነበረም።  ጸጋአብ ዓይኗ ላይ የቆመውን እንባ ሲያይ፣ ሰፍሩ ሲያስብ የሰነበተው ነገር ሁሉ ከእጁ ያመለጠ ይመስል ነበር።

«ኡሚ እሁድ ምሳ ና ብላለች» አለች ፊቷን አዙራ።

«እመጣለሁ» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ። «እበላለሁም። ከእናንተ ትሪ፣ ከሥጋው። አንቺን ከማጣ…» አልጨረሰውም።

«እናትህስ?»

«የእናቴን ነገር ለእኔ ተይው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ልትሰማው የፈለገችው ይህንን ነበር። ይኸው ሰማችው። ግን የሰው ዓይን ስታይ መዋል ሥራዋ ነው፤ ሐኪም ዓይንህ መቀደድ አለበት ብሎት እሺ ያለ ሰው ምን ዓይነት ዓይን እንዳለው ታውቃለች። ጸጋአብ እሺ ያለው በእንደዚያ ዓይን ነው። ከወጣ በኋላ ደስታዋን ብትፈልገው አጣችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሀምበር ወንዝ ዳር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የቀሩትን ሁለት ገጾች አወጣች። ማንበቡ ሁለት ሰዓት ፈጀባት።

«ከምሳ በኋላ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ስለ ኃጢአቱ የንስሐ አባቴ ያስቡበት። እኔ ያሰብኩት እናትሽን ነው። ላላ ረቂያ ማን እንደሆንኩ አያውቁም። ስለማያውቁ ከአፋቸው ነጥለው ሰጡኝ። እናትሽ ግን ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ። ስለሚያውቁ፣ በአረፋ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው እየጠበቃቸው፣ ለእኔ ብቻ ሌላ ድስት ጣዱ። ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው ሲሄዱ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። አይቻቸዋለሁ። ሥጋው የተማሰለበት ማንኪያ የእኔ ሽሮ ውስጥ አልገባም።

ደሴ ሠርግ ላይ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሲጠሩ አባቴ የሚያርድላቸው ሰው ከእነሱው ወገን ያስመጣ ነበር። ድስቱ ሌላ፣ ሳህኑ ሌላ፣ ዳሱ ሌላ። እነሱም ለእኛ እንዲሁ። ይህን ያላደረገ ድግስ፣ በሬ ቢጣልበት ድግስ አይባልም። አንቺ ጥግ ላይ ያለ ትሪ አየሽ። እኔ ያየሁት እናቴ እንኳ በማትጠብቀኝ አገር የሚጠብቀኝ ሰው ነው። ቀና ያላልኩት እንባዬ መጥቶ ስለነበር ነው።

ለእናቴ ያልነገርኳት አፍሬብሽ አይደለም። የመጀመሪያ ጥያቄዋን ስለማውቀው ነው። 'ከቤታቸው ምን በላህ?' ትለኛለች። 'ምንም' ብላት፣ እህል ከማትቀምስበት ቤት ምን ልትሠራ ትሄዳለህ ትላለች። 'በላሁ' ብላት ታለቅሳለች። መልስ የለኝም ብዬ ሁለት ዓመት ፈራሁ። መልሱ ግን የእናትሽ ትሪ ላይ ነበር። ስመለስ እነግራታለሁ።»

ሀጂራ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ወንዙ ይሄዳል፤ ሰዎች ውሻ ይዘው ያልፋሉ። ተወልዳ ባደገችበት ቤት፣ በእናቷ እጅ፣ በዓይኗ ፊት የተደረገውን ነገር ጸጋአብ ከሞሮኮ ጣሪያ ላይ ጽፎ ላከላት። ስንት ዓመት ከወይዘሮ ዘምዘም ጋር ኖራ አላወቀቻቸውም። ሰውየው ደግሞ መልሱን አግኝቶ ሲመጣ፣ እሷ በአንድ እንባ አስጣለችው። ነገ እሷን ላለማጣት ሲል የማይሆነውን ሊያደርግ ነው። ስልኳን አውጥታ «አትብላ» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። ደግማ ጻፈች፣ አጠፋች። እንደዚህ ያለ ነገር በቴክስት አይባልም። ፈራች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ ጸጋአብ ጢሙን ተላጭቶ መጣ። ከላላ ረቂያ የተላከ የወይራ ፍሬ ለወይዘሮ ዘምዘም በሁለት እጁ ሰጠ። በሦስት ሰው ቤት ሁለት ትሪ ተዘርግቷል። ትልቁ ላይ የበግ ወጥ፤ ትንሹ ላይ ሽሮ፣ ጎመን፣ አይብ፣ የተቀቀለ እንቁላል። ትንሹ ዛሬ ጥግ ላይ አይደለም፤ ከትልቁ ጎን ነው።

ጸጋአብ እጁን ታጠበ። ትንሹን ትሪ አልፎ ትልቁ ጋ ተቀመጠ። ማንንም አላየም። እንጀራ ቆረሰና እጁን ወደ ሥጋው ዘረጋ።

ወይዘሮ ዘምዘም አንጓውን ያዙት።

«ተው» አሉ።

«እትዬ ዘምዘም፣ ፈቅጄ ነው። ከእርስዎ ገበታ ልብላ።»

«ፈቅደህ አይደለም። ፊትህን አያለሁ እኮ። እንድሰጥህ የፈለግኸው ልጄን ነው ወይስ ሥጋ?»

ጸጋአብ አቀረቀረ።

«ስማ የኔ ልጅ። ደብዳቤህን አንብቤዋለሁ፤ የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር ነው፣ አውፍ በለኝ። ሰፍሩ የበላኸውን ለንስሐ አባትህ ንገር። እኔ ቤት የበላኸውን ግን ለእናትህ ትነግራለህ። ሲጠይቁህ ዓይንህን ሳትሰብር እንድትመልስላቸው ነው ያን ድስት የጣድኩት። እኔም እናት ነኝ። የሌላ እናት ልጅ ቤቴ ገብቶ እንዲዋሽ አላደርግም። ጋብቻ የሚባለው ነገር ከባድ ነው፤ ዛሬ እሺም እምቢም አልልህም፣ አላህ ያውቃል። ዛሬ ምሳ ነው የጠራሁህ። የራስህን ብላ።»

የያዘው ቁራሽ እጁ ላይ ቀረ።  ተነሥቶ ወደ ትንሹ ትሪ ሄደና ተቀመጠ፤ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ሀጂራ ሁለቱን ትሪዎች አየች። ሽሮ። ጎመን። አይብ። እሷ የማትበላው ከዚህ ውስጥ የቱ ነው? አንዱም የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ና ወደ እኛ ስትለው፣ ጥግ ተቀመጠ ብላ ስታለቅስ፣ ሄዳ አጠገቡ መቀመጥ እንደምትችል አንድ ቀን እንኳ አስባው አታውቅም። የማንም ፈቃድ አያስፈልጋትም ነበር። ሁለት እርምጃ ብቻ።

ተነሣች። ሁለቱን እርምጃ ሄዳ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች፣ እንጀራውን በእሷ በኩል ቆረሰች።

ጸጋአብ ክንዱን ከፊቱ አነሣ። ያኔ መነጽር ቤት በመሃላቸው ብርሃን ነበር፤ አሁን ምንም ሳይኖር ተያዩ። ማንም ጆሮዬን ተመልከት አላለም።

«ጨርሼዋለሁ» አለችው። «አራቱንም ገጽ።»

ወይዘሮ ዘምዘም ከትልቁ ትሪ አጠገብ ብቻቸውን ቀርተዋል። ወጡን አዩት፣ ልጆቹን አዩ።

«እኔንስ ለማን ጣላችሁኝ?» አሉና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሥተው መጡ። «ጠጋ በይ አንቺ።»

ሦስቱ ከትንሹ ትሪ በሉ። የበጉ ወጥ እዚያው ቀዘቀዘ።  ግማሽ እንጀራ ሲቀር ጸጋአብ በግራ እጁ ስልኩን አወጣና ትሪው አጠገብ አስቀመጠ። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገው። ደሴ ምሽት አንድ ሰዓት አልፏል። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«አቤት ልጄ!» አሉ እናቱ ወይዘሮ የኔነሽ።

«እማዬ፣ ሰው ቤት ሆኜ ነው የደወልኩት።»

«የማን ቤት?»

«የወይዘሮ ዘምዘም። የእኛው የወሎ ሰው ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው። ልጃቸው ሀጂራ ትባላለች። እወዳታለሁ፤ ሁለት ዓመቴ ነው። ሳልነግርሽ የቆየሁት ፈርቼ ነው፣ ይቅር በይኝ።»

ሀጂራ ስሟን ሰማች።  የወይዘሮ የኔነሽ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ይህ ሁሉ ባሕርና በረሃ በዚያ ትንፋሽ የተሞላ መሰላት።

«ከቤታቸው ምን በላህ?» አሉ በመጨረሻ።

ጸጋአብ ዓይኑን አልሰበረም። «ሽሮ፣ ጎመን፣ አይብ፣ እንቁላል። ለብቻዬ በተጣደ ድስት። ቀድሞም እንደዚያው ነበር።»

 ከዚያ የመጣው ጥያቄ ከሦስቱ ማንም ያልጠበቀው ነው። ድምፃቸው ሳስቶ ነበር።

«ብቻህን ነው የበላኸው?»

«አይደለም እማዬ» አለ።  «የእነሱን ወጥ ትተው ከእኔ ትሪ በሉ። ሀጂራም። እናቷም። አሁንም እጃቸው እዚሁ ነው።»

«እናቷም?»

«እናቷም።»

«ስልኩን ለእሳቸው ስጥልኝ።»

ወይዘሮ ዘምዘም እጃቸውን በፍጥነት ጠራረጉና ስልኩን ተቀበሉ። ቃል የማይጠፋቸው ሴት «አለሁ» ብቻ አሉ።

«እመቤቴ» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ፣ «ልጄ ከቤት ከወጣ ጀምሮ፣ እኔ በሌለሁበት እንደ እኔ የሚጠነቀቅለት ሰው አለ ብዬ አላስብም ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ወይዘሮ ዘምዘም ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።  ስልኩን ለልጃቸው አቀበሏት።

አራት ገጽ ቃል በቃል ያነበበችው ሀጂራ አሁን የአማርኛ ቃል ሁሉ ጠፋት። የምታውቀውን ብቻ አለች።

«እኔ ሀጂራ ነኝ።»

 ሴትዮዋ እያለቀሱ መሆኑ ይሰማል፤ የሐዘን ይሁን የሌላ ሀጂራ መለየት አልቻለችም።

«ድምፅሽን ሰማሁት፣ የኔ ልጅ» አሉ። «እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ።»

ሀጂራ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።